የአጥር ሜዝ ገብቶ መሃሉን ማግኘት፣ ከዚያም መውጣት፦ በእንግሊዝ ለሚጎበኙ ዝርዝር መመሪያ

በእንግሊዝ አገር የነገሥታትና የመኳንንት መኖሪያ በነበሩ ትልልቅ ቤቶች የአትክልት ቦታ ውስጥ ሜዝ የሚባል ነገር አለ። ከሰው ቁመት በላይ ባደገና በተከረከመ የዛፍ አጥር የተከለለ፣ መገንጠያውና የተዘጋ ጫፉ የበዛ ጠባብ መንገድ ነው። ጎብኚው ከበሩ ተነስቶ መሃሉን ማግኘት፣ ከዚያም መውጣት ይጠበቅበታል። ትኬት ቆርጠው ከሚሄዱት ብዙዎቹ ግን መሃሉን ሳያዩ ይመለሳሉ፤ ጭራሹን የሜዙ በር ላይ የማይደርሱም አሉ። የሚያሸንፋቸው የሜዙ ክብደት እምብዛም አይደለም። ወይ ዘዴ ሳይመርጡ ገብተዋል፣ ወይ የመረጡትን ዘዴ የመጀመሪያው የተዘጋ ጫፍ ላይ ተናደው ጥለውታል። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩበት። በተለይ ደረጃ 3ን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ለአቅምዎ የሚሆነውን ሜዝ ይምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥትን ይምረጡ። ሜዙ ለንጉሥ ዊልያም 3ኛ የተተከለው በ1690ዎቹ ገደማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በብሪታኒያ እስከ ዛሬ ከዘለቁት የአጥር ሜዞች ሁሉ አንጋፋው ነው። የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት 800 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ሰው መሃል ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ለለንደን ነዋሪ ደግሞ የአንድ ባቡር ጉዞ ነው።

ትንንሽ ልጆች ካሉዎት በኬንት የሚገኘው ሂቨር ካስል ይሻላል። ሜዙ ከ1904 እስከ 1906 ባለው ጊዜ የተተከለ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 24 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ልጅ ቢጠፋ እንኳ ሩቅ አይጠፋም።

በደርቢሸር ወዳለው ቻትስዎርዝ የሚሄድ ሰው በ1962 ዩው በሚባሉ 1,209 የአጥር ዛፎች የተተከለ ሜዝ ያገኛል። በዚያው በኬንት ያለው ሊድስ ካስል 2,400 የዩው ዛፎች አሉት፤ የተተከለው በ1988 ነው። መሃሉ ከፍ ያለ ጉብታ ሲሆን መውጫው በከርሰ ምድር ዋሻ በኩል ነው። ጨለማና ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አብሮዎት ካለ ይህን ከመግባትዎ በፊት ይንገሩት፤ ጉብታው ላይ ከወጣ በኋላ መስማቱ ደግ አይደለም።

ሎንግሊትን ለሌላ ቀን ያቆዩት። በዊልትሸር የሚገኘው ይህ ሜዝ በ1975 ሲተከል የነደፈው ግሬግ ብራይት ነው። ከ16,000 በላይ ዛፎች፣ 2.72 ኪሎ ሜትር መንገድና ስድስት የእንጨት ድልድዮች አሉት። ርዝመቱስ ይቻላል፤ ድልድዮቹ ግን ከታች የምንነጋገርበትን ቀላሉን ደንብ ዋስትና ያሳጡታል።

በኮርንዎል ያለው የግለንደርገን ሜዝ (1833) ለቤተሰብ አንድ ብልሃት ይሰጣል። ሜዙ ያረፈው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከሸለቆው ማዶ የቆመ ሰው መንገዱን ቁልቁል ያየዋል፤ መግባት ያልፈለገ አዛውንት ከማዶ ሆኖ ልጆቹን ሲመራ መዋል ይችላል።

*ከመነሳትዎ በፊት ስሙን ሁለቴ ያንብቡ።* ሊድስ ካስል ያለው በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሊድስ ከተማ ሳይሆን ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ፣ በሜይድስቶን አጠገብ ነው። ለሊድስ ከተማ የባቡር ትኬት የቆረጠ ሰው ቀኑም ገንዘቡም ባክኗል። ለሃምፕተን ኮርትም የሚወርዱት "ሃምፕተን ኮርት" በሚለው ጣቢያ ነው። "ሃምፕተን" እና "ሃምፕተን ዊክ" የሚባሉት ሌሎች ጣቢያዎች ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሜዙ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፣ ትኬቱን ይያዙ

1. የቤተ መንግሥቱን ድረ ገጽ ሲከፍቱ "ቤቱ ክፍት ነው" የሚለው አያዘናጋዎት፤ ሜዙን ለብቻው ይፈልጉ። ቤቱ ተከፍቶ ሜዙ የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ፦ አጥሩ ሲከረከም፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር፣ ግቢው ለሠርግ ወይም ለዝግጅት ሲከራይ። የዩው አጥር በአብዛኛው የሚከረከመው በእንግሊዝ በጋ መጨረሻ፣ ነሐሴና መስከረም አካባቢ ነው። በእንግሊዝ የብርድ ወራት ጨርሶ የሚዘጉም አሉ።

2. የመጨረሻ መግቢያ ሰዓቱን ይጻፉ። ሜዙ ከቤቱ ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በእንግሊዝ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም በነሱ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ጠልቃለች።

3. እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠሩ ብዙ ቤተሰብ ያጣላል። ትኬቱ ላይ 10:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት ለመጡ እናትና አባት "ለ10 ሰዓት ተዘጋጁ" ካሏቸው ከሰዓት በኋላ ይጠብቁዎታል። "ከጠዋቱ 4 ሰዓት" ብለው ይንገሯቸው።

4. ትኬቱ ሜዙን ያካትት እንደሆነ ያንብቡ። በሃምፕተን ኮርት የቤተ መንግሥቱ ትኬት ሜዙንም ይይዛል። በሌሎች ቦታዎች ቤቱን የማይጨምር፣ ለአትክልት ቦታው ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ትኬት ሊኖር ይችላል። ለሜዙ ብቻ ከሄዱ የቤቱን ዋጋ መክፈል አይጠበቅብዎትም።

5. ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት የአባልነት ካርድ ግለንደርገን ያስገባዎታል፤ ሃምፕተን ኮርት፣ ቻትስዎርዝ፣ ሂቨር ወይም ሊድስ ካስል ግን አያስገባዎትም። እነዚህ በሌሎች ባለቤቶች የሚተዳደሩ ናቸው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ደግሞ ለሃምፕተን ኮርት ሙሉውን ዋጋ ከመክፈሉ በፊት በድረ ገጹ ላይ የ1 ፓውንድ ትኬት ይፈልግ።

6. መጓጓዣውን እስከ በሩ ድረስ ያስቡ። ወደ ሃምፕተን ኮርት ባቡሩ የሚነሳው ከዋተርሉ ጣቢያ ነው፤ ጉዞው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ጣቢያው በለንደን የመጓጓዣ ዞን 6 ውስጥ ስለሆነ ኦይስተር የሚባለው የለንደን መጓጓዣ መክፈያ ካርድ ይሠራል። ከጣቢያው ወጥተው የቴምዝን ድልድይ ይሻገሩ። ሜዙ ያለው ከቤተ መንግሥቱ በስተ ሰሜን፣ ላየን ጌት በሚባለው በር አጠገብ ነው። ሂቨር ጣቢያ ከወረዱ ግን ታክሲ ቆሞ አይጠብቅዎትም፤ በገጠር መንገድ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይሄዳሉ። ለሎንግሊት መኪና ያስፈልጋል ብለው ይነሱ።

የሚሄዱበትን ቀን መምረጥ ከቻሉ ትምህርት ያልተዘጋበትን የሥራ ቀን፣ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት ይምረጡ። ጠባብ መንገድ ውስጥ ብዙ ሰው ሲሞላ ከአጥሩ ይልቅ የሚያሳስተው ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ በሳተላይት ካርታ ላይ የቤት ሥራዎን ይሥሩ

ይህን ደረጃ "ማጭበርበር ነው" የሚል ሰው ይኖራል። ልጆች ይዞ፣ የባቡር ሰዓት እየቆጠረ ለሚሄድ ሰው ግን ምንም ነውር የለበትም። ደግሞም እዚህ የምንፈልገው መፍትሔውን አይደለም። ሜዙ ከሁለት ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

1. ሜዙን በሳተላይት ካርታ ላይ ያግኙትና በተቻለ መጠን አቅርበው ምስሉን በወረቀት ያትሙ።

2. በቀይ እስክሪብቶ ከመግቢያው በር አንድ ጎን ይጀምሩ። የውጭውን አጥር፣ ከእሱ ጋር ሳይቋረጥ የተያያዘውንም አጥር ሁሉ ቀይ ያድርጉ። ክፍተት ሲያጋጥምዎት ዘለው አይለፉ።

3. አሁን መሃሉን የከበበውን አጥር ይመልከቱ። ቀይ ከነካው ሜዙ "የተያያዘ" ነው፤ አንድ እጅን አጥር ላይ አድርጎ በመሄድ ብቻ ይፈታል። ቀይ ካልነካው መሃሉ የተከበበው ከውጭው አጥር ጋር በማይገናኝ፣ ለብቻው በቆመ አጥር ነው። እንዲህ ያለውን አጥር "ደሴት" እንበለው። ለደሴት ሜዝ የእጅ ደንብ አይበቃም፤ ደረጃ 7 ያስፈልግዎታል።

4. መንገዱን ጭምር ማወቅ ከፈለጉ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተዘጉትን ጫፎች ከጫፋቸው እስከ ቅርብ መገንጠያቸው ድረስ ያጥቁሩ። ከዚያ አዲስ የተፈጠሩትን የተዘጉ ጫፎች እንደገና ያጥቁሩ። ደሴት በሌለው ሜዝ ውስጥ በመጨረሻ ሳይጠቁር የሚቀረው ትክክለኛው መንገድ ብቻ ነው።

*ምስሉ በዛፍ ጥላ ተሸፍኖ ካልታየዎት* የተተከለበት ዓመት ፍንጭ ይሰጣል። የእጅ ደንብን ለማክሸፍ ሆን ተብሎ የተሠራው ቀዳሚ ሜዝ በኬንት ቼቭኒንግ በሚባለው ቤት በ1820ዎቹ የተተከለው ነው፤ ንድፉ የሒሳብ ሊቅ የነበረው መኳንንት፣ የሁለተኛው ኧርል ስታንሆፕ ነው። (የቼቭኒንግ አትክልት ቦታ ለሕዝብ የሚከፈተው በዓመት ለጥቂት ቀናት ስለሆነ ለዕቅድዎ አይተማመኑበት።) ከዚያ በፊት የተተከለ ሜዝ ከሆነ የእጅ ደንብ የሚሠራበት ዕድል ሰፊ ነው፤ በሃምፕተን ኮርት በእርግጥ ይሠራል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተነደፈ ከሆነ ደሴት አለው ብለው ይግቡ።

ደረጃ 4፦ የሚያዝና የማይያዝ

ይያዙ፦ ትንሽ ደብተርና እርሳስ፣ ውኃ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ። በጾም ቀን ከሆነ ምግብዎን ከቤት ይቋጥሩ፤ በግቢው ምግብ ቤት ከተገደዱ "ቪጋን" የሚል ምልክት ያለበትን ይጠይቁ። ሜዙ ውስጥ ግን አይብሉ።

ሰፊ የሕፃን ጋሪ፣ የጀርባ ትልቅ ሻንጣና ጃንጥላ ውጭ ይቆዩ። ጃንጥላ በጠባቡ መንገድ ላይ የሰው ዓይን ይወጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ የመንገዱን ስፋትና ንጣፍ ቀድመው በስልክ ይጠይቁ። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ፎቶ ልትነሱ ከሆነ ከሜዙ በፊት ተነሱ፤ እርጥብ አጥር ነጭ ልብስ ላይ አረንጓዴ ይተዋል፣ ጥለቱም በጠጠርና በጭቃ ይጎተታል።

የስልክ ጂፒኤስ እንዲመራዎት አይጠብቁ። ስልክ ቦታዎን የሚያሳየው በጥቂት ሜትሮች ስህተት ነው። በሜዝ ውስጥ ጥቂት ሜትር ማለት ደግሞ ሁለት ሦስት አጥር ማለት ነው፤ ከአጥሩ ማዶ እንዳሉ ያሳይዎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዛፉ መርዝ ነው

አብዛኛው አጥር የሚተከለው ዩው ከሚባል ዛፍ ነው። ቅጠሉ ጠባብና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የዝግባን ቅጠል ስለሚመስል አገር ቤት የሚያውቁት ዛፍ ይመስልዎታል። ቅጠሉም ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርም ሰው ይገድላል። ልጆችን የሚስበው ዘሩን የከበበው ቀይ ለስላሳ ሽፋን ነው። ግለንደርገን የተተከለው ቼሪ ሎረል ደግሞ ሌላ ዛፍ ነው፤ መርዛማነቱ ግን አልቀረም።

ስለዚህ፦

- ለልጆች ከመግባታቸው በፊት "ቀይ ፍሬ አይነካም፣ አይበላም" ብለው ይንገሯቸው፤ መልሰውም እንዲነግሩዎት ያድርጉ።
- ለመፋቂያ ብለው ቅርንጫፍ አይስበሩ። ይህ ለቀልድ የተጻፈ አይደለም፤ እጁ ለምዶበት አጥር አይቶ እንጨት የሚቆርጥ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።
- ልጅ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። እንዲያስመልሰው አያስገድዱ። ወዲያውኑ ወደ 111 (የጤና ምክር መስመር) ይደውሉ፤ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ወደ 999 (የድንገተኛ አደጋ መስመር)። የበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ ናሙና ይያዙ።

ደረጃ 5፦ በሩ ላይ ቆመው ይስማሙ

ሜዝ ውስጥ የሚጣሉ ቤተሰቦች በሩ ላይ ያልተነጋገሩ ናቸው። አምስት ደቂቃ ወስደው እነዚህን ይወስኑ፦

1. *አንድ መሪ።* እጁን አጥር ላይ የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ይከተለዋል፣ አይከራከረውም። መሪው አባት ካልሆነ ቤቱ ይፈርሳል ያለ የለም፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይስጡት፣ ከአዋቂ ይልቅ ደንብ ያከብራል።
2. *አንድ የኋላ ደጀን።* ከእሱ ኋላ ማንም ልጅ አይቀርም።
3. *የመገናኛ ቦታ።* ከሜዙ ውጭ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ይሁን፤ መግቢያው በር ይበቃል።
4. *የስልክ ቁጥር።* ስልክ ለሌለው ልጅ ቁጥርዎን ክንዱ ላይ ይጻፉለት።
5. *የማቆሚያ ሰዓት።* "መሃል ባንደርስም በዚህ ሰዓት እንወጣለን" ብለው ይስማሙ። ከመዝጊያው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ያለ ይሁን።

መጸዳጃ ቤት አሁን ይሂዱ። እውነቴን ነው።

ደረጃ 6፦ የእጅ ደንብ

ከሜዙ ውጭ፣ ከመግቢያው በፊት ይጀምሩ። አንዱን እጅ ይምረጡ። ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ለውጥ የለውም፤ ዋናው አለመቀየሩ ነው። እዚህ በቀኝ እንሂድ።

1. ቀኝ እጅዎን ከመግቢያው በር ቀኝ በኩል ባለው አጥር ላይ ያድርጉ። አጥሩን መቧጨር አያስፈልግም፤ ጣትዎ ወደ ቅጠሉ እያመለከተ ይበቃል።

2. ይራመዱ። አጥሩ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይታጠፉ። መገንጠያ ሲያጋጥምዎት ማሰብ የለብዎትም፤ እጅዎ ወደሚወስድዎት ይሂዱ።

3. የተዘጋ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጅዎን አያንሱ። ጫፉን ዞረው በሌላው ጎን ይመለሱ። ሰው ደንቡን የሚጥለው እዚህ ነው፤ "ይሄ እንኳ አልሠራም" ብሎ ወደ ግራ ይዘላል። የተዘጋ ጫፍ የደንቡ አካል ነው። ገብተው መውጣት አለብዎት።

4. ቀደም ብለው ያለፉበትን መንገድ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፉ አይደንግጡ። ያኔ እጅዎ የነበረው በመንገዱ አንድ ጎን ነው፣ አሁን በሌላው ጎን። ይህ ጤናማ ነው።

5. ያንኑ ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ እጅዎ በዚያው አጥር ላይ ሆኖ ካለፉ ግን ያቁሙ። ደሴት እየዞሩ ነው። ወደ ደረጃ 7 ይሂዱ።

6. ከማዶ "በዚህ በኩል ነው!" የሚል ድምፅ ሲሰሙ አይከተሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው በርቀት ሁለት ሜትር፣ በመንገድ ሁለት መቶ ሜትር ሊርቅዎት ይችላል። በልበ ሙሉነት የሚራመዱ ሰዎችንም አይከተሉ፤ ብዙዎቹ ጠፍተዋል።

7. ከፊት ለሚመጣ ሰው መንገድ ሲለቁ ወደ ራስዎ አጥር ይጠጉ። ወደ ማዶው ተሻግረው ካሳለፉ በኋላ የቱ አጥር የእርስዎ እንደነበር የሚጠፋብዎት ያን ጊዜ ነው።

*እጅዎ ከተነሳና አጥሩ ከጠፋብዎት፦* አንዱን ጎን ይምረጡና እንደ አዲስ ይቀጥሉ። የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። መሃል ይደርሳሉ፤ መግቢያው በር ይደርሳሉ (እንደገና ይጀምሩ)፤ ወይም ደሴት ይዞራሉ። የእጅ ደንብን ከሜዙ እምብርት መጀመር የማይመከረው ለዚህ ሦስተኛው ነው።

*ጊዜ ከሌለዎት፣ ለሃምፕተን ኮርት ብቻ፦* ከበሩ እንደገቡ ግራ፤ ቀጥሎ ምርጫ በሚያጋጥምዎት ሁለት ቦታ ቀኝ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መሃል ግራ። የሚቆጠረው መገንጠያ ብቻ ነው። መንገዱ ምርጫ ሳይሰጥ ሲታጠፍ አይቁጠሩት። አብዛኛው ሰው ይህን ቀመር ይዞ የሚጠፋው መታጠፊያውን ሁሉ ስለሚቆጥር ነው።

ደረጃ 7፦ የእጅ ደንብ ሲከሽፍ

መጀመሪያ ቀላሉን ይሞክሩ። ደሴት እየዞሩ መሆኑን ሲያውቁ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አጥር ተሻግረው እጅዎን እዚያ ያድርጉና ይቀጥሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ያወጣዎታል።

ካላወጣዎት ወይም ከመጀመሪያው ድልድይና ደሴት ያለበት ሜዝ ከገቡ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊ ሻርል ትሬሞ ያስቀመጠው ደንብ አለ። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የሚረታው ሜዝ የለም። የሚሠራው በምልክት ነው። በጠመኔ መጻፍ፣ ቅርንጫፍ መስበር፣ ወረቀት መጣል ግን አይፈቀድም፤ ምልክቱ ደብተር ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ መገንጠያ ከሚታየው ነገር ስም ይስጡት፦ "አግዳሚ ወንበር"፣ "የተራቆተ አጥር"፣ "ጠጠሩ ያለቀበት"። ከእያንዳንዱ መገንጠያ የሚነሱትን መንገዶች ይሳሉና በአንዱ መንገድ በሄዱ ቁጥር አንድ ጭረት ያድርጉበት። ከዚያ፦

1. አዲስ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ጭረት በሌለው በየትኛውም መንገድ ይሂዱ።
2. በአዲስ መንገድ መጥተው ቀድሞ የሚያውቁት መገንጠያ ላይ ከደረሱ ወደ መጡበት ይመለሱ። የተዘጋ ጫፍም ላይ እንዲሁ። ሲመለሱ ያ መንገድ ሁለት ጭረት ይኖረዋል።
3. አንዴ በሄዱበት መንገድ ተመልሰው መገንጠያ ላይ ከደረሱ ጭረት የሌለውን ይምረጡ። ከሌለ አንድ ጭረት ባለው ይሂዱ።
4. ሁለት ጭረት ያለበት መንገድ አለቀለት። ዳግመኛ አይግቡበት።

የሚጽፈው ሰው ከሚመራው ሰው የተለየ ይሁን። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ጭረት ይረሳል፤ አንድ የተረሳ ጭረት ደግሞ ሁሉን ያበላሻል። ከተረሳ የሚታወቅ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ አዲስ ገጽ ገልጠው እንደገና ይጀምሩ። አሮጌውን ገጽ ለመጠገን ሲሞክሩ ይመሻል።

እንደ ሎንግሊት ባለው ሜዝ ድልድዩን እንደ ማማ ይጠቀሙበት። እላዩ ላይ ቆመው የመሃሉን ግንብ አቅጣጫ ይያዙ፣ ደብተሩ ላይ በቀስት ያመልክቱ፣ ሌላ ሰው ሳያግድ ይውረዱ። አቅጣጫ ማወቅ መንገድ ማወቅ አይደለም፤ መገንጠያ ላይ ሁለት እኩል አዲስ መንገዶች ሲኖሩ ግን ምርጫ ይሰጥዎታል።

ደረጃ 8፦ ሰው ሲጠፋ ወይም ሲጨነቅ

*ልጅ ከጠፋ።* አስቀድመው ለልጆች አንድ ነገር ያስተምሩ፦ የጠፋ ልጅ ባለበት ይቆማል። ሁለቱም ወገን ከተንቀሳቀሰ በአጥር ማዶና ማዶ ሲተላለፉ ይውላሉ። በአማርኛ ይጥሩት፤ በእንግሊዝኛ "ማሚ" እና "ዳዲ" በሚጮህበት ሜዝ ውስጥ የእናቱን ቋንቋ ይለየዋል። አንድ አዋቂ መግቢያው ላይ ይቁም፣ ሌላው ይፈልግ። በድምፅ ከተገናኙና መድረስ ካልቻሉ ልጁን "በአጥሩ ሥር ሾልከህ ና" አይበሉት። ቅርንጫፉ ፊት ይቧጭራል፣ አጥሩም በሾለኩበት ይደርቃል። ቶሎ ካላገኙት ለሠራተኛ ለመናገር አይግደርደሩ፤ ሥራቸው ነው።

*ሰው ከተጨነቀ።* ልቡ የሚመታበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ጨዋታው እዚያ ያበቃል። ያስቀምጡት፣ ውኃ ይስጡት፣ አንድ ሰው አብሮት ይቆይ፣ ሌላው ሠራተኛ ይጥራ። ጣሊያን አገር ስትራ በሚገኘው የቪላ ፒሳኒ ሜዝ መሃል ላይ ካለው ማማ ሆኖ የጠፉትን የሚመራ ጠባቂ ነበር የሚቆመው፤ በእንግሊዝ ግን ብዙ ጊዜ ሠራተኛው በሩ ላይ ስለሆነ ከግቢው ድረ ገጽ ስልክ ቁጥሩን ቀድመው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ መሃል፣ ከዚያም መውጫ

ወደ መሃል በሚያስገባው ክፍተት ሲያልፉ እጅዎ በየትኛው ጎን እንደነበር ይያዙ። ፎቶ ሲነሱ ይህ ይረሳል፤ መውጫው የሚከብደውም ለዚህ ነው። ለመውጣት እንደ መጡበት ዘዴ ያድርጉ፦

- *በቀኝ እጅ ከመጡና በመጡበት መመለስ ከፈለጉ*፣ ክፍተቱ ላይ ቀኝ እጅዎ የነበረበትን አጥር አሁን በግራ እጅ ይንኩና ይሂዱ። ሲዞሩ ጎኑ ይቀየራል፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ቀኝ እጁን መልሶ ያንኑ አጥር ሲፈልግ ይጠፋል።
- *ያላዩትን ክፍል ማየት ከፈለጉ*፣ ቀኝ እጅዎን ሳያነሱ መሃሉን ዙረው ይቀጥሉ። ደንቡ ራሱ ወደ በሩ ይመልስዎታል፤ ጊዜ ግን ሊወስድ ይችላል።
- *በትሬሞ ደንብ ከመጡ*፣ ደብተሩን ይክፈቱና አንድ ጭረት ብቻ ያለባቸውን መንገዶች ይከተሉ። በቀጥታ ወደ መግቢያው ይወስዱዎታል፤ ሁለት ጭረት ያላቸውን አይዩአቸው።
- *ደሴት ተሻግረው ከመጡ*፣ ስትመለሱም ደሴት ልትዞሩ ትችላላችሁ። መፍትሔው ያው ነው፤ ወደ ማዶው አጥር ይሻገሩ።

የተስማሙበት የማቆሚያ ሰዓት ከደረሰ መሃሉ በአጥር ማዶ ቢታይዎትም ይመለሱ። ሲጨልም ሁሉም መገንጠያ አንድ ይመስላል።

ከወጡ በኋላ

ከግቢው ሳይወጡ የልጆችን ኪስና እጅ ይፈትሹ። ቀይ ፍሬ ወይም የዩው ቅጠል ከተገኘ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣል፣ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ፤ ምግብ ከዚያ በኋላ ነው። የሕፃኑን ጋሪና ውጭ የተዉትን ዕቃ ይቁጠሩ። ደብተሩን አይጣሉት፤ ለሚቀጥለው ቤተሰብ የሳሉት ካርታ በሳተላይት ከሚታየው የተሻለ ነው፣ የጠጠሩንና የአግዳሚ ወንበሩን ቦታ ሳተላይቱ አያሳይም።

ወደ ለንደን የሚመለሰው ባቡር ላይ ልጅ ሆዴን አመመኝ ካለ፣ ድካም ነው ብለው አይለፉት። ምን እንደበላ ይጠይቁት፤ ቅጠል ወይም ፍሬ ካለ ባቡሩ ውስጥ ሆነው 111 ይደውሉ።